መልስ የማይሰጥ መስኮት

መካነ ሰላም ከተማ ኮምፒውተር ቤት በነበረኝ ጊዜ፣ የሠርግ ቪዲዮ ሲዲ ላይ የሚቀዳ ትንሽ ፕሮግራም ራሴ ጽፌ ነበር። መቅዳት ሲጀምር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው የፕሮግራሙ መስኮት ነጭ ሆኖ ስታክ ያደርጋል፤ ቢነካኩት አይሰማም። ደንበኛው ሁሉ "ሞተ!" እያለ ይጮህብኛል፤ እኔም እበሳጫለሁ።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ጅዳ ላለች ልጃቸው የወንድሟን ሠርግ ሊያስቀዱ መጡ። መስኮቱ ሲነጣ ደነገጡ።

"አልሞተም እናቴ!" አልኳቸው፣ ትዕግሥቴ አልቆ። "ውስጥ ያለው ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው። የሚቀዳውም፣ ለእኛ መልስ የሚሰጠውም እሱው ነው። ሥራ ሲይዘው መልስ የለም።"

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩት።

"ልጄም ከረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል" አሉ። "ኢንሻ አላህ እሷንም እንዲህ ሥራ ይዟት ይሆናል።"

"አሚን" አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን አፍርሼ ጻፍኩት። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለብቻው የሚሠራውን ሠራተኛ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ክር እንለዋለን። ቅጂውን ለሌላ ክር ሰጠሁት፤ የመስኮቱ ክር ሥራው ሰው ሲነካው መመለስና ቅጂው የት እንደደረሰ በመቶኛ ማሳየት ብቻ ሆነ። ጩኸቱ ቀረልኝ።

እኚያ እናት በሌላ የገበያ ቀን ተመልሰው መጡ። ልጅቱ አልደወለችም። በርጩማ ስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ቁጥሩ እየጨመረ መቶ እስኪሞላ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ።

የሚቀዳው የሌላ ሰው ሠርግ ነበር።