ያልተቀመሰው የሙዝ ጠላ

ባራንቺራ ከቡሩንዲ ተሰዶ ታንዛኒያ ካምፕ ከገባ ጀምሮ የሠፈሩ ዳኛ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ፍየል የሰው ጎመን ስትበላ የሚጠራው እሱ ነው። የካምፑ ሹሞችም ሰው እንደሚያምነው ስላወቁ፣ "አገርዎን አይተው ይምጡና ለሕዝቡ ይንገሩልን" ብለው መረጡት። መመለሱ በፈቃድ ነው ይላሉ። ፈቃዱ ቶሎ እንዲመጣ ደግሞ ገበያውን ዘጉት፣ ብስክሌት ከለከሉ። ፈቃድ እቴ!

ልጁ ካንያንጌ ሁለት ሕፃናት ይዛ ሌላ ካምፕ ውስጥ ናት። "አባባ ግቢ ካለ እገባለሁ፤ ቅሪ ካለ ጦሜን እያደርኩም እቀራለሁ" ብላ ልካበታለች። የሚናገረው በሬዲዮ ስለሚተላለፍ እሱን ነው የምትጠብቀው።

የሹሞቹ መኪና ቡሩንዲ፣ የትውልድ መንደሩ አደረሰው። አብሮ አደጉ ሚሳጎ የሙዝ ጠላ በቅል ይዞ ወጣ። ሹሞቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሣ። በዚያ አገር ጠላ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይጎነጫል፤ መርዝ የለበትም፣ አትፍራ ማለቱ ነው። ሚሳጎ አልተጎነጨም። ዱላ የያዙ ወጣቶች ከኋላው ቆመው፣ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "እንኳን ደህና መጣህ፣ ጠጣ" አለው። ባራንቺራ ገባው፤ አትመለሱ ማለቱ ነው። ከንፈሩን አስነክቶ መለሰለት።

አሁን በግልጽ ቢናገር ሚሳጎን ማስፈጀት ነው። ካምፑ ሲመለስ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠበቀው። ሰብሳቢው፣ "አባባ፣ እንዴት ተቀበሏችሁ?" አለው።

"ጠላ ሰጡን። ሚሳጎ ነው በገዛ እጁ ያቀረበልኝ" አለ። ሹሞቹ አጨበጨቡ። "የቀመሰልኝ ግን የለም።"

አንዲት አሮጊት ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ "በሉ፣ ሰምተናል፣ ተነሡ" አሉ።

"የቀመሰ የለም ማለት ምን ማለት ነው?" አለ ሰብሳቢው፤ የአገሩ ሰው አይደለም።

"ጠግበው ነዋ፣ ጌታዬ" አለው አንዱ ከኋላ።

በማግስቱ ሬዲዮው የባራንቺራን ድምፅ አሰማ። "ጠላ ሰጡን። ሚሳጎ ነው በገዛ እጁ ያቀረበልኝ።" ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ዘፈን። ሌላው ተቆርጧል። ሽማግሌው ወደ ልጁ ካምፕ መሄጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ሮጠ። ነገ ና አሉት። ነገም፣ ነገ ና አሉት።

ፈቃዱን ሳያገኝ ከዚያ ካምፕ የመጣ ሰው አገኘው። "ካንያንጌ እኮ ገባች" አለው። "መኪና ላይ ስትወጣ፣ 'ሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር፤ የአባቴን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ' እያለች ለጎረቤቶቿ ትነግር ነበር። ሦስት ቤተሰብ ተከትሏታል።"