ኦጁሉ በጠመኔ ያሰመረው መንገድ

በዚያ ቀን የነበርነው አራት ነን፦ ፎርማናችን ጋሽ መኮንን፣ የሮለር ኦፕሬተሩ ኦጁሉ፣ ናሙና ቆፋሪው ጀማል፣ መለኪያውን የያዝኩት እኔ። ባለፈው ሳምንት ወደ ኢታንግ ስሄድ የባጃጁ ሾፌር፣ “እዚህ ጋ ሲደርሱ መንገዱ አያንገጫግጭም፤ ማን እንደሠራው እንጃ” አለኝ። ማን እንደሠራው አውቃለሁ።

ያ መንገድ ሲሠራ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መለኪያው ክብ ትሪ ይመስላል፤ አስፋልቱ ላይ ሲቀመጥ ሳይቆፍር፣ በኤሌክትሪክ ብቻ፣ ምን ያህል እንደታመቀ በቁጥር ያሳያል። ያስተማረኝ ሰው የለም። መመሪያውን ስልኬ ላይ ደጋግሜ አንብቤ ነው የለመድኩት፤ በዚህም እኮራ ነበር።

የማንጎ ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያፍናል። ጀማል መቆፈሪያው ላይ ውሃ እያፈሰሰ ከአስፋልቱ አንድ ናሙና አወጣ። እኔ ወዲያው ከጉድጓዱ አጠገብ ለካሁ። ናሙናው ተመዝኖ ትክክለኛው ቁጥር ሲመጣ መለኪያዬን ከእሱ ጋር አስማማሁት። ኦጁሉ ከሮለሩ ላይ ሆኖ ግማሽ ማንጎ አቀበለኝ። በልቼ መንገዱን መለካት ጀመርኩ። ሁሉም ነጥብ ከሚፈለገው በታች ሆነ።

“ሮለር ላይ ነው የዋልከው ወይስ ባሮ ውስጥ ስትዋኝ?” አለው ጋሽ መኮንን።

“ጋሼ፣ እኔ አሥር ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ማሽኑ ይዋሻል።”

“ማሽን አይዋሽም። ውረድ! ያበላሸኸውን በራስህ እጅ ምልክት አድርግበት።”

ጠመኔ ሰጠው። ኦጁሉ የጋለው አስፋልት ላይ በጉልበቱ እየሄደ፣ እኔ “ወድቋል” ባልኩ ቁጥር ኤክስ አሰመረ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። ጀማል ሳቀ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም። ሲጨርስ ጋሽ መኮንን እዚያው አባረረው።

አሥር ሰዓት ገደማ ትዝ አለኝ። መመሪያው “ገጹ ደረቅ ይሁን” ይላል። የጉድጓዱን ዙሪያ በለካሁበት ጊዜ የመቆፈሪያው ውሃ ገና አልደረቀም ነበር፤ ውሃ ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ያን ከፍ ያለ ቁጥር ቀንሼ ከናሙናው ጋር ያስማማሁት መለኪያ ደረቁን ሁሉ አሳንሶ አነበበ። ቦታው ደርቆ ስለነበር እንደገና ለክቼ አስተካከልኩት። ሠላሳ አንዱም አለፉ።

ለጋሽ መኮንን ነገርኩት።

“በቃ፣ አዲሱን ቁጥር ጻፍ።”

“ኦጁሉስ?”

“ሌላ ሰው ጠርቻለሁ። ይልቅ አንተ እንዳትከተለው ተጠንቀቅ።”

ጻፍኩ። ቁጥሩ እስከ ነጥቡ ትክክል ነበር።

ዛሬም ሰዎች ጠንቃቃ ነው ይሉኛል። ጋሽ መኮንን፣ ጀማል፣ ይህን ካነበባችሁ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። ኦጁሉ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናግሯል፤ ቁጥር እያነበብኩ ስለነበር አልሰማሁትም። የሰማችሁ ንገሩኝ። እሱን ራሱን ባሮ ዳር ዓሣ ሲሸጥ አየዋለሁ፤ እሱ ጋ ልደርስ ስል መንገድ እቀይራለሁ።