ካምቢዮ ሥር የለመንኩት ይቅርታ

መርሳ ከተማ ላይ የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ተራው እኔ ቤት የደረሰ ዕለት ነው። ድፎው ተቀምጧል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞልቶታል። የንስሐ አባታችን ግን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ለቡራኬ አልተነሱም።

«አባ፣ ይባርኩልን እንጂ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ያንን ሰው አምጣው።»

ማንን እንዳሉ ሁሉም ገብቶታል። ከእኔ ጋራዥ ማዶ ጋራዥ ያለው፣ እንደ እኔው መካኒክ የሆነ፣ ድሮ ማኅበርተኛችን የነበረ ሰው ነው። አንድ ደንበኛዬ ወደሱ ቢሄድብኝ ተናድጄ ለሾፌሮች፣ «እሱ የነካው መኪና እዚህ ቅርብ ውርጌሳ እንኳን ሳይደርስ ይቆማል» አልኳቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ቀልዷ ሐራ ደረሰች፣ ወልድያ ደረሰች። የሰውዬው ደጅ ጭር አለ፤ ከእኔ ጋር አንድ ጽዋ አልጠጣም ብሎም ማኅበሩን ተወ። እኔማ እሰይ አልኩ። ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረው፣ ሰላም አንባባልም።

«ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ነገ እሄዳለሁ» ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ።

«ልጄ፣ ወንጌሉ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው። ነገ አይልም። እሱ ካልመጣ እኛም ሳንባርክ እንነሳለን።»

ማኅበር ከቤቴ ሳይባረክ ሊነሳ! ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወጣሁ። በንዴት ነበር የተነሳሁት፤ አስፋልቱን ስሻገር ግን እርምጃዬን አዘገየሁ። እምቢ ቢለኝስ? ደግሞም እምቢ ቢል እውነቱን ነው።

ጋራዡ ስደርስ ከጭነት መኪና ሥር ሁለት እግር ብቻ ወጥቶ ይታያል። ካምቢዮ፣ ያንን ከባድ የማርሽ ሣጥን፣ ሊገጥም ደረቱ ላይ አሳርፎ ብቻውን ያቃስታል። ብቻውን! ምን ዓይነት እብድ ነው! የመጣሁበትን ረስቼ ከነነጠላዬ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁና ደገፍኩለት።

አየኝ። ከዚያ፣ «ወደ ግራ!» አለ።

«አንተ ብሎኑን ያዝ፣ እኔ እገፋለሁ!»

«ትንሽ... ትንሽ... ግፋ!»

ግጥም አለ! ሁለታችንም ሳናስበው ሳቅን። ያኔ ነው ድፍረቱ የመጣልኝ።

«ያቺን ቀልድ ያወራኋት እኔ ነኝ። ውሸት ነበረች» አልኩት። «አባ ልከውኝ ነው የመጣሁት፤ አሁን ግን የምለምንህ ራሴ ነኝ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ። «ሰዎች ቀልዷን ልጆቼ ፊት ነው የነገሩኝ» አለ። አፈርኩ፤ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ይቅር ለእግዜር።»

በደስታ ብድግ ስል ግንባሬን ከብረቱ ጋር አጋጨሁት! ሕመሙም አልተሰማኝ። ተስበን ወጣን፤ የእኔ ነጠላ በግራሶ ጠቁሯል።

«ቶሎ በል፣ ማኅበሩ እየጠበቀን ነው! ቤትህ ደርሰህ ልብስ ትቀይራለህ?»

«አያስፈልግም» አለና እጁን በጋዝና በሳሙና ፈትጎ ታጠበ። ከዚያ የመፍቻ ማስቀመጫውን ቁም ሳጥን ከፍቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ታጥቦ የታጠፈ ነጭ ነጠላ አወጣ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ። በየወሩ በሚካኤል ከቤት ይዤው እመጣለሁ።»

«ለምን?»

«ምናልባት ከጠራኸኝ ብዬ።»