ደጋን ሠሪው አለቃዬ

ሥራውን ያገኘሁት በጎረቤቴ በኩል ነው። ያን ጊዜ ዳላስ ውስጥ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጃችን። ከላያችን የምትኖር አንዲት የበርማ ሴት ልትወልድ ተቃርባ ስለነበር፣ በቦታዋ ሰው ፈልጊ ተብላ ነበር። ደረጃው ላይ አስቆመችኝና እጆቼን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። በማግስቱ በባቡር ይዛኝ ሪቻርድሰን ከተማ ወዳለው የሥራ ቦታዋ ሄደች።

ማታ ባለቤቴ ከታክሲ ሥራው ሲመለስ፣ «ሶ፣ ምንድነው የሚሠሩት?» አለኝ።

«ደጋን» አልኩት።

«የምን ደጋን? የጥጥ መንደፊያ?»

«የማደኛ። አጋዘን የሚገደልበት።»

ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። «ወላሂ ይሄ አገር! ጠመንጃ እንደ ዳቦ እየተሸጠ በደጋን ያድናሉ?»

እኔም የገባኝ እየቆየ ነው። ኮምፓውንድ ቦው የሚሉት ደጋን እኛ የምናውቀው ጎባጣ እንጨት አይደለም። እጀታው አሉሚኒየም ነው። ከላይና ከታች ሁለት ክንፎች አሉት፤ በክንፎቹ ጫፍ ላይ መዘውር ይገጠማል፤ አውታሩ በመዘውሮቹ ላይ ይዞራል። መጀመሪያ ሲስቡት ክንድ ይፈትናል፤ ጉንጭ አጠገብ ሲደርስ ግን ይቀላል። አዳኙ ሳይንቀጠቀጥ አጋዘኑ ከዛፍ ጀርባ እስኪወጣ ድረስ ገትሮ መቆየት የሚችለው ለዚህ ነው። የእኔ ሥራ አውታሩን መግመድ ነበር። ክሩን በሁለት ምሰሶዎች መካከል እወጥራለሁ፣ አከርረዋለሁ፣ ከዚያ መሐሉን በሌላ ክር ጥብቅ አድርጌ እጠመጥመዋለሁ። ወደድኩት። እጅ ሲሠራ ሐሳብ የፈለገበት ይሄዳል።

አለቃዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ ካለች ትንሽ ከተማ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሥራውን የጀመሩት በቤታቸው ጋራዥ ነበር አሉ። እኔ ስቀጠር ግን ሰፊ ወርክሾፕ፣ የሚጮሁ ማሽኖችና አሥራ ምናምን ሠራተኞች ነበሯቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በስማቸው ነበር የሚጠራቸው። እኔ በልቤ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

በጊዜው የተከበሩ ሰው ነበሩ። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የአደን ወቅት ሳይገባ፣ ፓርኪንጉ ጭቃ በለበሱ ፒክአፖች ይሞላል። ከኦክላሆማ ይመጣሉ፣ ከሉዊዚያና ይመጣሉ። ወንዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። «እሳቸው የሠሩት ደጋን አይጮህም» ይሉ ነበር፤ ቀስቱ ሲወጣ አጋዘኑን የሚያስበረግግ ድምፅ የለውም ማለታቸው ነው። አለቃዬ እያንዳንዱን ደጋን ራሳቸው ገትረው ወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው ኢላማ ሳይተኩሱበት ለደንበኛ አያስረክቡም። ካልጣማቸው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና ይፈቱታል። እኛም ምን እንደጎደለው ሳንጠይቅ እንደገና እንጀምራለን።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ትልልቆቹ አምራቾች በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ማውጣት ጀመሩ። ስልካቸውን ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ስለ ድምፁ አይጠይቁም፤ «ፍጥነቱ ምን ያህል ነው?» ነው የሚሉት።

«አጋዘኑ ሰዓት አይዝም» ይሏቸው ነበር አለቃዬ።

ወጣቶቹ ይስቁና ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። ትዕዛዝ ሳሳ። በዚህ ጊዜ ነው የወንድማቸው ልጅ ሸሪክ ሆኖ የገባው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል፣ ከሁላችንም በኋላ ይወጣል። አጎቱ የደከሙበት ነገር ሲጠፋ ማየት አልፈለገም። ፈጣን ደጋን እናውጣ፣ ክንፎቹንም ራሳችን ከምንሠራ የተዘጋጀ ከውጭ እናስመጣ አለ። አለቃዬ ብዙ ጊዜ ሲያንገራግሩ ሰነበቱና በመጨረሻ እሺ አሉ።

የመጀመሪያው መኸር ለእኛ እንደ ሠርግ ነበር። አዲሱ ደጋን እንደ ትኩስ አምባሻ ተሸጠ። አለቃዬ ደስ ብሏቸው ወርክሾፑ ፊት ለፊት ባርቤኪው ደገሱ። እኔ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ፤ ለካ በጠዋት ተነስተው ሐላል ሱቅ ሄደው ዶሮ ገዝተውልኝ፣ በሌላ ምድጃ ለብቻው ጠብሰውልኛል። ትንሽ አርሮ ነበር። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት።

ብርዱ ሲገባ መጥፎው ወሬ መጣ። መጀመሪያ አንድ ደጋን ክንፉ ተሰንጥቆ ተመለሰ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን ደግሞ ስልክ ተደወለ። ምሥራቅ ቴክሳስ የሚኖር አንድ ደንበኛ ሲገትረው ክንፉ ተሰብሮ ከቅንድቡ በላይ ተርትሮት፣ ሐኪም ቤት ተሰፍቷል። አለቃዬ ስልኩን ዘጉና የመኪና ቁልፋቸውን አንስተው ወደ ሰውዬው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ አለባበሳቸው እንደትናንቱ ነበር። ሁላችንንም ሰበሰቡን።

«ከዚህ ሞዴል የሸጥነውን በሙሉ ሰብስበን ገንዘቡን እንመልሳለን» አሉ። «የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም።»

የወንድማቸው ልጅ ፊቱ ነጣ። «ሁሉንም? ይሄማ መዝጋት ማለት ነው።»

«ይሁን። አንድ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ነበር።»

«ሐሳቡ የእኔ ነበር» አለ ልጁ።

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳልተኩስበት የወጣ ደጋን ነበር? ሁሉንም ተኩሼባቸዋለሁ። በእኔ እጅ ነው ያለፈው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አለቃዬ ስልክ ሲደውሉ ነው ያለፉት። ሥራውን ለሌላ ሰው አልሰጡም። በር ክፍት ስለነበር እሰማቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ይናገራሉ፣ ስድቡንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። የተሰፋው ሰውዬ ግን ራሱ መጣ። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ። «ገንዘቤን አልፈልግም» አላቸው፤ «የድሮውን ዓይነት አንድ ሥራልኝ።» ሠሩለት፤ አውታሩን እኔ ገመድኩ። ክሩን እንዲህ ተጠንቅቄ የወጠርኩበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ስም ግን አንዴ ከወደቀ ቶሎ አይነሳም። ደጋናችንን የሚሸጡ ሱቆች ከመደርደሪያ አወረዱት። ልጄ ያኔ ትልቅ ልጅ ሆና ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን አንብባ «ማሚ፣ ሰዎቹ ቦስሽ ላይ በጣም ሚን ናቸው፤ ክፉ ክፉውን ነው የሚጽፉት» አለችኝ። አታንብቢልኝ አልኳት። የወንድማቸው ልጅ አዲሰን የሚባል ከተማ ውስጥ የቢሮ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ተቃቅፈው ነው የተለያዩት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። አለቃዬ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ ሳያፈላልጉ አላሰናበቱም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

«አንቺም ሌላ ቦታ ብትፈልጊ ይሻላል። እኔ ከእንግዲህ ጥገና ብቻ ነው የምሠራው።»

«አውታሩን ማን ይገምዳል ታዲያ?» አልኳቸው።

እኔም እዚያው ቀረሁ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ስለ ደሞዙ ይጨቀጭቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «አብሽሪ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው። ደስ ካለሽ ሥሪ» አለኝ።

ትልቁን ወርክሾፕ ለቀን ከአንድ የጎማ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ገባን። ሰው እንደ ውድቀት ነበር የሚያየው፤ ለወጉም ውድቀት ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የጣመኝ ያ ነው። የማሽን ጩኸት የለም። አንድ ሬዲዮ አለ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። በትልቁ ወርክሾፕ ሳለሁ የምሰግደው መጋዘኑ ውስጥ፣ በካርቶኖች መካከል ተጣብቄ ነበር። እዚህ በገባን በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አንዱን ጥግ ጠርገው፣ ለአደን የሚይዙትን ኮምፓስ አውጥተው «ወዴት ነው የምትዞሪው?» አሉኝ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አልኳቸው። ወለሉ ላይ በቴፕ መስመር ለጠፉልኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮውን ይቀንሳሉ፤ ባርኔጣቸውንም ያወልቃሉ፤ አስተምሬአቸው አይደለም።

የሚመጡት የድሮ ደንበኞች ናቸው። አባቱ ያወረሱትን ደጋን ይዞ የሚመጣ አለ፤ አውታሩ የተበላ፣ መዘውሩ የዛገ። ፈተን እናጸዳለን፣ አዲስ አውታር እናስገባለን። አንድ ቀን ከእነዚሁ ደንበኞች አንድ ሽማግሌ የሰጡንን ደጋን ጠግነን ጨርሰን፣ አለቃዬ እንደ ልማዳቸው ሊሞክሩት ተነሱ። ገተሩት። ግማሽ መንገድ ላይ ክንዳቸው ቆመ። መለሱትና እንደገና ሞከሩ። ያው ነው። ሽማግሌው ደንበኛ መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

«ትከሻዬ ዛሬ አኩርፏል» አሉ አለቃዬ፣ ደጋኑን እያቀበሏቸው። ደንበኛው ራሳቸው ሞክረው፣ አመስግነው ሄዱ።

አለቃዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሲያዝኑ አይቻቸው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሲያፍሩ ግን አይቼ አላውቅም። ሻይ ባቀርብላቸውም አልነኩትም። ግድግዳው ላይ የራሳቸው ደጋን ተሰቅሏል፤ ለራሳቸው የሠሩት፣ ማንም የማይነካው።

«የክንፎቹን ብሎን ቢያላሉት ይቀልዎት የለ?» አልኳቸው። ለሌላ ሰው ሲያደርጉት ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ብሎኑ ሲላላ ደጋኑ ይለሰልሳል።

«ለዚህ ትከሻ እስኪመች ካላላሁት የሕፃን ደጋን ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው ለእኔ ይሆናል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ተኩሰሽ አታውቂም እንዴ?»

«አላውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ፤ ከሳሉ መልስ እንደገና ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት አውታር ስገምድ ኖሬ ቀስት አለመወርወሬ፣ ዳቦ ጋግሮ ቀምሶ እንደማያውቅ ሰው ሆነባቸው። ተነስተው ደጋናቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ብሎኑን እኔ መሳብ እስክችል ድረስ አላሉት። ክርኔን ዝቅ፣ ትከሻዬን ወደኋላ፣ «ትንፋሽሽን አትያዢ» እያሉ አሳዩኝ። የመጀመሪያው ቀስት ክፍሏ ጀርባ ያቆምነውን ኢላማ ስቶ ግድግዳውን ወጋ። ሁለተኛው ገባ። አንገቴ ድረስ ሞቀኝ።

ከዚያ ደጋኑን ተቀብለውኝ እሳቸው ገተሩ። ያለ ችግር መጣላቸው። ቀስቱ ከእኔው ቀስት አጠገብ ሰተት ብሎ ገባ፤ ምንም ድምፅ አልነበረም። ደጋኑን አላወረዱም፤ እንደያዙት ቆመው ፈገግ አሉ። ብሎኑን መልሰው ያጠበቁት አይመስለኝም።

ልጄ ያኔ እዚያው ሪቻርድሰን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፤ በሌላ ቀን ልትወስደኝ ስትመጣ በዚያው ደጋን ቆሜ ስተኩስ ደረሰችብኝ።

«ማሚ! ሲሪየስሊ? እኔ ደግሞ ዘወትር ክር ብቻ የምትሠሪ ነው የሚመስለኝ!»

«ነይ፣ አንቺም ሞክሪ» አሏት አለቃዬ።

ሞከረች። ከእኔ ትሻላለች፤ ማሻአላህ። ከዚያ ወዲያ ክላስ ሲያልቅላት እየመጣች ፓርክ ታደርግና ሥራችን እስኪያበቃ ከእሳቸው ጋር ትተኩሳለች። ስለ መዘውሩ እየጠየቀች ታስለፈልፋቸዋለች። እሳቸውም በወረቀት ላይ እየሳሉ ያስረዷታል።

ክፍሏን የዘጉት በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ነው። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ጠዋት የመነሳት ግዴታ ሰለቸኝ አሉ። መሣሪያዎቻቸውን ለአንዲት ከፎርት ወርዝ ለመጣች ወጣት ደጋን ሠሪ ሰጧት፤ እሷ ደግሞ ለአውታሩ እኔን ቀጠረችኝ። ቤቴ ሆኜ እገምድላታለሁ።

ባለፈው ኢድ አለቃዬ ቤታችን መጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፈው። ባለቤቴ ጥብስ ጋበዛቸውና፣ እሱ ደግሞ ነገር መደበቅ አይሆንለትም፣ የታክሲ እንግሊዝኛው ለዚህ ስለማይበቃው ልጃችንን «በእኔ ስም ጠይቂልኝ፤ ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ ሰው ሲጠፋ አልቆጨዎትም በይልኝ» አላት። እኔ በዓይኔ ከለከልኩት። እሷ ጠየቀቻቸው።

ሥጋውን አኝከው ዋጡ። «ቆጭቶኛል» አሉ። «ሰውዬው ሲጎዳ፣ ሠራተኞቼን ሳሰናብት። የስሙ ነገር ግን፣ ሰው ሲያወድስሽ ስልክ ይበዛል። በኋላ ስልኩ ሲቀር ሬዲዮ መስማት ቻልኩ።»

ልጄ ተረጎመችለት። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀና «እሳቸው ገብቷቸዋል» አለ፤ ከድስቱ ጨለፈና ጨመረላቸው። አለቃዬ በቃኝ አላሉም። በልተው ሲያበቁ ሐብሐቡን ራሳቸው ቆራርጠው አቀረቡ፤ ከዚያም ልጄን አስከትለው፣ ጋራዣችን ውስጥ የተሰቀለውን፣ እሳቸው የሰጧትን ደጋን አውታር ሊያዩላት ወጡ።