የዴንማርኩ ንጉሥ ልጅና የአባቴ ቁልፍ

«ታዲያ ልጅየው መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ አባቴ ዛሬ። «ነገሠ!» አልኳቸው።

ሰሞኑን ስለ ጥንት የዴንማርክ ነገሥታት፣ ስለ ቫይኪንጎቹ፣ እያነበብኩና ላገኘሁት ሁሉ እያወራሁ ሰው መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቻለሁ።

ዛሬ ደግሞ ጉና ሥር የሚኖሩትን አባቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ አንዱ ልዑል በሽማግሌ አባቱ ላይ ሸፍቶ ዙፋኑን እንዴት እንደቀማው በእጄ ጭምር እያሳየሁ አወራሁላቸው።

ለካ አባቴ ትናንት ወንድሞቼን ሰብስበው መሬት ስለማውረስ እያማከሯቸው ነበር! እኔ በምን ልወቅ?

«ምነው ልጄ፣ በነገር ከምትወጋቸው ድርሻዬን ስጡኝ ብትል» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ።

«ተጸጽቶ መነኮሰ» ብል ምን ነበረበት? ታሪክ አላዛባም ብዬ እኮ ነው!

አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ። የመሬቱ ወረቀት ያለበትን ሳጥን ቁልፍ ከምሰሶው ላይ አውርደው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ገና አለሁ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ገና ደብረ ታቦር ሳልደርስ እናቴ ደወለች። «እሑድ የነፍስ አባታችን ባሉበት አባትህ እግር ላይ ትወድቃለህ። ስለ ዴንማርክ ግን ትንፍሽ እንዳትል!»

ስለ ሰው ዙፋን ስተነትን የራሴን ውርስ ገደል ከተትኩት።

እናንተስ፣ ለጨዋታ ባወራችሁት ጉድ የሆናችሁ የላችሁም? ኧረ ብቻዬን አታስቀሩኝ!