አውቆ መሳሳት

በሳስካችዋን ግዛት፣ በክሬን ሌክ ከተማ፣ ዳርሲ ሆሎዋቲን የማያውቅ የለም። ጎል አግብቶ ግን አይደለም፤ ባገባው ጎል ቢመዘንማ ስሙን የሚያነሳም አይገኝ። የዳርሲ የበረዶ ሆኪ ሥራው ቡጢ ነው። ተቃራኒዎቹ የእነ ዳርሲን ጎል አግቢ ትንሹን ቴሪዮን ከግድግዳው ጋር ሲያላጉት፣ አሰልጣኙ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ዞር ብሎ ዳርሲን ያየዋል፣ በቃ። ዳርሲ ተነስቶ ይገባል፣ ጓንቱን በረዶው ላይ ይጥላል፣ ያኛውም ይጥላል። የቀረውን ሕዝቡ ቆሞ ያየዋል። ዳኞቹ እንኳ አንደኛው እስኪወድቅ ዳር ይዘው ይጠብቃሉ።

ስንዴው ታጭዶ ሲያበቃ፣ የውድድሩ ወራት ከመግባታቸው በፊት፣ የቡድኑ ሐኪም ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ይፈትናል። ቃላት አንብቦ ድገሙ ይላል፤ ወራቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ ይላል። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ይኸው ፈተና ይደገምለታል። ውጤቱ ከመከሩ ፈተና ካነሰ ይታገዳል፣ ካላነሰ ይጫወታል።

ተጫዋቾቹ ደግሞ መታገድን የሚፈሩትን ያህል ሞትንም አይፈሩ። አንዴ ከተቀመጥክ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል። ስለዚህ የቆየው ለአዲሱ የሚያወርሰው ዘዴ አለ፦ በመከር አውቀህ ተሳሳት። ጤነኛ ሳለህ ደደብ ምሰል፤ ስትመታ ልዩነቱ አይታይም። ዳርሲን ይህን ያስተማረው ሎርን ነው፣ ከእሱ በፊት የከተማው ቡጢኛ የነበረው።

"ስማ፣ ከቃላቱ ግማሹን ዋጣቸው" አለው። "ከወራቱም አንዱን ዝለል። ኮርኒሱን እያየህ፣ የምታስብ መስለህ። ደግሞ እንዳታበዛው፤ አብደሃል ብለው ለእናትህ እንዳይመልሱህ!"

ዳርሲ በየመከሩ እንደተባለው አደረገ፤ በየዓመቱም ተመትቶ በየዓመቱ አለፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ እየተሳሳቁ የሚያወሩት ጨዋታ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። በሬውስ ምን ያድርግ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሳር የሚበትንለት ሞልቶ!

ሎርን ዛሬ የበረዶ አዳራሹ በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። ባለፈው ዓመት ዳርሲን "ልጅህ ስንት ዓመት ሆናት?" አለው። "አራት" ሲለው ደስ አለውና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የአንድ ሰው ትኬት ቆርጦ ቀና አለና፣ "አንተ፣ ልጅ ወለድክ እንዴ?" አለው። ዳርሲ ሳቀ። ለሚስቱ ለትሪና ግን አልነገራትም።

ዘንድሮ በጋው ላይ ዳርሲ ራሱ ልጁን ኮሪን ከሕፃናት መዋያ ሊያመጣ ሄዶ ወተት ይዞ ተመለሰ። ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ቁጭ አለ። ትሪና አየችው፣ ወተቱንም አየች፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወጣች። ልጅቷን እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አላነጋገረችውም።

"ዘንድሮ እውነተኛውን ስጣቸው" አለችው።

"ምኑን?"

"ፈተናውን ነዋ። የቻልከውን ያህል መልስ። ጭንቅላትህ ደህና ከሆነ ደህና ነው ይበሉኝና እንቅልፌን ልተኛ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ቤትህ ትቀመጣለህ። አባቴ ጋራዡ ውስጥ ሰው ይፈልጋል።"

"ከአባትሽ ጋር ከምውልማ ብደበደብ ይሻለኛል።"

ትሪና አልሳቀችም። "ኮሪ ትሙት በል" አለችው።

"ኮሪ ትሙት" አለ።

የፈተናው ቀን ዳርሲ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዶክተር ኔስቢት መነጽራቸውን አስተካክለው ቃላቱን አነበቡ። ዳርሲ እያንዳንዱን ጥርት አድርጎ ሰማ። "በል ድገምልኝ" ሲሉት፣ "ክር" አለ። "ድልድይ።" ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈለገው፣ የለም። አሁን የሰማው ነገር እኮ ነው! ኮርኒሱን አየ፤ ማስመሰሉን ረስቶ፣ ከምሩ አየ። ወራቱን ሲቆጥር አንዱን እንደዘለለ ታወቀው፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ሊያገኘው አልቻለም።

"እንደገና ልሞክር ዶክተር?"

"ኧረ አያስፈልግም።" ዶክተሩ ኮምፒዩተሩን አይተው ፈገግ አሉ። "እንደ ሁልጊዜህ ነህ። ከአምናውም፣ ከካቻምናውም ጋር አንድ ነው። ብረት ነህ አንተ።"

ዳርሲ አፉን ከፈተ። የአምናው ውሸት ነበር፣ የዛሬው ግን እውነት ነው ቢል፣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የግማሹን ቡድን ውሸት ማውጣቱ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ያን ካለ በኋላ ማን ይሆናል? ከቡጢ በቀር ምን ያውቃል?

"አመሰግናለሁ ዶክተር" ብሎ ወጣ።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ቴሪዮ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ፣ "እህ፣ እንዴት ተወንክ?" አለው።

"እንደ ሁልጊዜው።"

"ሰውዬው አክተር ነው እኮ! ሽልማት ይገባዋል!" አለ ቴሪዮ። ሁሉም ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ትሪና ደጅ ወጥታ ስትጠብቀው አገኛት።

"እውነተኛውን ሰጠሃቸው?"

"ሰጠኋቸው።"

"ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።"

"ኮሪ ትሙት፣ የቻልኩትን ሁሉ ነው የሰጠሁት።" በዚህ አልዋሸም።

"ምን አሉህ ታዲያ?"

"ምንም ለውጥ የለም አሉኝ።"

ትሪና ፊቷን ደረቱ ላይ ቀብራ፣ በጋውን ሙሉ ያፈነችውን ለቅሶ አለቀሰች። "ተመስገን" ትላለች፣ "ተመስገን፣ እኔ እኮ ቀብሬህ ነበር።" ዳርሲ አቅፏት ቆሞ ፈራ። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ማንም ፊት ጓንቱን ሲጥል፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። "ቅዳሜ ለጨዋታው ኮሪን ይዣት እመጣለሁ" አለችው። "አባቷን ትየው። ፊት ወንበር ያዝልን።"

"እሺ" አላት።