የጎረቤቴ አምፕሊፋየርና የኔ

ሰው በኔ ዕድሜ የሚቀናው በምን ይመስላችኋል? በወጣት ጉልበት? ባልወለቀ ጥርስ? እኔ የቀናሁት በአንድ ጥቁር የብረት ሣጥን ነው።

ሣጥኑ የሚገኘው እዚህ እስራኤል አገር፣ ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት በሚኖረው ጎረቤቴ ሳሎን ነው። ልጁ ነው ያመጣለት። ፓወር አምፕሊፋየር ይሉታል። ብቻውን አይዘፍንም። ሠርግ ላይ አንዱ ለአዝማሪው በጆሮው ግጥም ሹክ ሲለው፣ አዝማሪው ተቀብሎ ለዳሱ ሁሉ ያሰማው የለ? ይህም እንደዚያ ነው። ቴፑ ሹክ ይለዋል፣ እሱ ጉልበት ጨምሮ ለሁለቱ ስፒከሮች ያቀብላል።

ይህ ሣጥን ከመምጣቱ በፊት እሁድ የኔ ነበረች። የቅዳሜ ሰንበት ባለፈ ማግስት፣ ሌላው ሰው ሥራ ሲገባ፣ እኛ ጡረተኞቹ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እኔ ሳሎን እንሰበሰባለን። ጎረቤቴ ይመጣል። ከታችኛው ፎቅ የኛ የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ በትራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። አንድ ወዳጃችን ደግሞ ከመዝከረት ባትያ በአውቶቡስ ይመጣል። ባለቤቴ ሻይና ዳቦ ታቀርባለች፣ እኔ ዘመድ የላከልንን የማሲንቆ ካሴት እከታለሁ። ቴፔ አሮጌ ነው፣ እንደ ባለቤቱ አክታ ይዞታል። ቢሆንም ወሬው የሚጀመረውም የሚያልቀውም እኔ ቤት ነበር። እኔም ይህን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

አንድ እሁድ ጎረቤቴ «እስቲ ዛሬ ወደኔ ጎራ በሉ፣ ልጄ አንድ ዕቃ አምጥቶልኛል» አለ። ሄድን። ካሴቱን ከተተ። የማሲንቆው ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ፣ ሰውዬው ሊዘፍን ሲል ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ተሰማ። ቄሱ በትራቸውን በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ቀስረው «ሰውዬው እኮ እዚያ ቁጭ ብሏል!» አሉ።

እኔም አየሁት። ተነሥቼ ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ የሱ ሆነች። ማንም አልመከረበትም፣ ማንም አልወሰነም። ሰዎቹ ደረጃውን ሲጨርሱ እግራቸው በኔ በር ፋንታ በሱ በር መቆም ጀመረ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ? እዚያ ተቀምጬ ዳቦው ደረቅ ነው እያልኩ ሁለት ሦስት ቁራሽ እበላለሁ።

ልጄ ልትጠይቀን ስትመጣ ስልኳን አስከፈትኳት። ያንን ዕቃ የገዙ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ያሉትን እንድታነብልኝ ነው። በዕብራይስጥ ታነባለች፣ በአማርኛ ትነግረኛለች። አንዱ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው እሱን እንደሆነ ጽፏል። ሌላው በጣም ይግላል፣ ለክረምት ማሞቂያ አያስፈልገኝም ብሏል። ሌላው ደግሞ አንደኛው ጎኑ ዝም አለብኝ ብሎ ያለቅሳል።

«የሚያለቅሱትን ብቻ አንብቢልኝ» አልኳት።

«አባ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልትረግመው?»

«አንብቢ ብቻ። ያላ!»

ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ገዛሁ። ገዝቼ ስመለስ ለልጄ ደወልኩና አሁን ደግሞ የሚያመሰግኑትን አንብቢልኝ አልኳት። ስትስቅ ስልኩን ዘጋሁባት።

ጎረቤቴ ቤት ዕቃው ራቁቱን ነው የተቀመጠው። እኛ ቤት ግን ወግ አለ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ የሶፋው ራስጌ ለብሷል፣ ማይክሮዌቩም ለብሷል። ባለቤቴን «ለዚህኛው ከሁሉም የሚበልጥ ሥሪለት፣ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን» አልኳት።

«ልትድረው ነው እንዴ?» አለችኝ። ቢሆንም ሠራችለት። ነጭ፣ ዙሪያው ዘርፍ ያለው፣ ግራና ቀኝ እስከ ታች የሚወርድ ዳንቴል። አልብሼው ራቅ ብዬ አየሁት። የጎረቤቴ ዕቃ ከዚህ አጠገብ ቢቆም ለማኝ ይመስላል አልኩ።

እሁድ ሁሉንም ጠራሁ፣ ሁሉም መጡ። ቄሱን ጥሩው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ማሲንቆው ጀመረ። እውነቴን ነው፣ አማረ። ሰውዬው እኔም ቤት መጥቶ ቁጭ አለ። ጎረቤቴን በጎን አየሁት፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ዘፈኑ ጣራ ሊነካ ሲል ድርግም።

«መብራት ሄደ?» አሉ ቄሱ።

መብራቱ አለ። ዕቃው ላይ ግን ቀይ ነገር ትበራለች። አጠፋሁት፣ ጠበቅሁ፣ አበራሁት። ትንሽ ዘፈነና አሁንም ድርግም።

የመዝከረት ባትያው ወዳጃችን «ተወው፣ እንደኛው ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፣ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል» አለ።

ጎረቤቴ ተነሣ። እጁን ዕቃው ላይ አሳረፈና ወዲያው ሳበ። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ይዞ የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ገለጠው። ከሥሩ የወጣው ትኩሳት እኔ ጋ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ ይተነፍሳል» አለኝ። «እነዚህ ቀዳዳዎች አፍንጫው ናቸው። አፍነህ ልትገድለው ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ዳንቴሉን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀም። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ቢስቅብኝ ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። እሱ ግን ዳንቴሉን በሥርዓት አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በሚቀጥለው እሁድ ሰዎቹ ወደ ሱ ተመለሱ።

እንዲህ ሆኜ ስከርም አንድ ቀን ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል።

«ግራው ዝም አለብኝ» አለ።

«የምኑ ግራ?»

«የአምፕሊፋየሩ። ወደ ግራው ስፒከር የሚሄደው ጎን ሞተ። የሚለወጥለት ነገር ከውጭ እስኪመጣ ይቆያል አሉ።»

«አይዞህ፣ ቤሰደር ይሆናል፣ ይስተካከላል» አልኩት፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረግሁት። ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እስክስታ መታሁ። አንገቴን እስከ ሰንበት አመመኝ።

እሁድ ሁሉም እኔ ዘንድ መጡ። ዕቃዬ ራቁቱን ነው፣ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ወዳጃችን ስለ ሐኪም ቀጠሮው ሊያወራ አፉን ከፈተ።

«እሽሽ! አሁን የምትመጣዋን ስማ!» አልኩት።

ቄሱ ጦር ሠራዊት ስለገባው የልጅ ልጃቸው ጀመሩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህችን ዘፈን ብቻ።»

ይህችን ብቻ ያልኩት ለሁሉም ዘፈን ነው። ሰዎቹ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ግድግዳ ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ። ካሴቱ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ቄሱ በትራቸውን ፈለጉ። «ድምፁ ግሩም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሻዩ ገና ይተን ነበር። እኔ ግን ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶት ነበርና አንድም ነገር አልጠረጠርኩም።

በሚቀጥለው እሁድ ዕቃውን ቀደም ብዬ አብርቼ ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት ሆነ። የደረጃው ኮቴ መጣ፣ ቆመ፣ በር ተከፈተ። የኔ በር አይደለም። ቆይቼ በሬን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን አሾልኩ። ማሲንቆው ከማዶ ይሰማል፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ እግሩን እንደተሰበረ ሰው እያነከሰ። በላዩ ላይ ወዳጃችን የሐኪሙን ነገር ያወራል፣ ቄሱ እየሳቁ ያስላሉ፣ ጎረቤቴ «እሺ ከዚያስ? ከዚያስ?» ይላል።

እስከዚያ ቀን የቀናሁት በደህና ዕቃ ነበር፣ ለሰው ብነግረው እንኳ ያስረዳል። አሁን በተበላሸ ዕቃ ቀናሁ። ግማሽ ድምፅ የኔን ሙሉ ድምፅ አሸነፈው።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«ማሲንቆ ሊሰሙ የሚመጡ መስሎህ ነው?» አለችኝ። «እነሱ የሚመጡት ሊያወሩ ነው። አንተ ቄሱን ዝም አሰኘሃቸው። ቄሱን!»

«ድምፁ እንዳያመልጣቸው ብዬ እኮ ነው።»

«እነሱ አመለጡህ።»

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ያማረ ድምፅ፣ ሦስት ባዶ ወንበር፣ ማንም ያልነካው ዳቦ። ካሴቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ለኔ ብቻ ይዘፍናል፣ እሱም ያፈረ መሰለኝ። አጠፋሁት። ትንሽ እስኪበርድ ጠበቅሁና ገመዶቹን ነቃቅዬ አነሣሁት። ክብደቱ የሰባ ሙክት ያህላል። «ወገብህን!» ትላለች ባለቤቴ፣ እኔ ግን ደጅ ወጥቻለሁ። እጄ ስለተያዘ የጎረቤቴን በር በእግሬ መታሁ።

ከፈተ። እኔን አየ፣ የተሸከምኩትን አየ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያንተ ለቀኙ፣ የኔ ለግራው ይሁን። ቶሎ በል፣ ሊወድቅብኝ ነው!»

ቄሱ ከውስጥ «ይግባ፣ ይግባ ያ ቀናተኛ!» አሉ።

«አባ፣ ማን ቀናተኛ ነው አለዎት?»

«ዳቦው ደረቅ ነው ስትል ጊዜ አውቀናል» አለ ወዳጃችን። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የማላውቅ እኔ ነበርኩ፣ የሚያውቁ መሆናቸውን።

ጎረቤቴ ተንበርክኮ ገመዶቹን አገናኘ። ግራው ስፒከር ኡኡ ብሎ ነቃ፣ ሰውዬውም ወደ መሃል ተመልሶ ተቀመጠ። ወዳጃችን የሐኪሙን ወሬ ከመጀመሪያው ደገመልኝ። አላቋረጥኩትም። አንዴ ብቻ «ቆይ ቆይ፣ ግራው ትንሽ አይሻልም?» አልኩ።

«አንድ ዓይነት ዕቃ እኮ ነው፣ ያው ነው» አለ ጎረቤቴ።

«ያውማ ያው ነው» አልኩና ወንበሬን ወደ ግራው ጠጋ አደረግሁ።

እሁድ እስከ ዛሬ የሱ ናት። የኔ ሳሎን ውስጥ አሮጌው ቴፕ ብቻ ቀርቷል፣ ዳንቴሉን ለብሶ። የጎረቤቴ ዕቃ ግን አልተጠገነም። ልጁ ሊወስደው በመጣ ቁጥር «ይቆይ፣ ምን አስቸኮለህ» ይለዋል። ለምን እንደሚለው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ባለፈው እሁድ ቄሱ ከኔ አጠገብ ተነሥተው ወደ ቀኙ ስፒከር ሄደው ተቀመጡ። ደሜ ፈላ።

«ምነው አባ?»

«ነፋሱ ነው ወዳጄ፣ ከመስኮቱ የሚገባው።»

ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ከኔ አጠገብ የተዉትን ወንበር በእጄ ጠረግ ጠረግ አድርጌ «ይኸው፣ ነፋስ የለም» አልኳቸው፣ እስኪመለሱም ቆሜ ጠበቅሁ።